የቀበሮ ጓንት፡ የአንድ አበባ ስም ከየት መጣ?

አክስቴ የልብ መድኃኒት መውሰድ ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል፡፡ ከሚውጧቸው ክኒኖች አንዱ ዲጎክሲን ይባላል፡፡ አንድ እሑድ ቤታቸው ቡና እየተጠጣ ሳለ ፋርማሲ የሚማረው የልጅ ልጃቸው «እማማ፣ ይሄ ክኒን እኮ መጀመሪያ የተገኘው ከአበባ ነው» አላቸው፡፡ አበባው በእንግሊዝኛ «ፎክስግላቭ» እንደሚባልም ጨመረላቸው፡፡ አክስቴ ወደ እኔ ዞረው «በል አንተ እንግሊዝኛ አዋቂው፣ ምን ማለት ነው?» አሉኝ፡፡

እኔም ጊዜ ሳላጠፋ መለስኩ፡፡ ስለ አትክልት ከሚያወራ አንድ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ትዝ አለኝና «ሰው የቀበሮ ጓንት ይመስለዋል እንጂ ከቀበሮ ጋር ግንኙነት የለውም፡፡ ጥንት ስሙ ‹የሰዎች ጓንት› ነበር፡፡ ሰዎች የተባሉት ደግሞ በአውሮፓ ተረት ጫካ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን መናፍስት ናቸው» ብዬ አስረዳሁ፡፡ የተሰበሰበው ሰው ተደነቀ፤ እኔም ደስ አለኝ፡፡

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ ልጅ ደወለልኝ፡፡ «ጋሼ፣ እማማን ምን ብለው ነው የነገሯቸው? ክኒኑን ትተውታል፡፡ የመናፍስት ጓንት አልውጥም እያሉ ነው» አለኝ፡፡ እግራቸው ማበጥ ጀምሯል፤ ደረጃ ሲወጡም ትንፋሽ ያጥራቸዋል፡፡ ወዲያው ሐኪማቸው ዘንድ ተወሰዱና መድኃኒቱን በሐኪሙ መመሪያ እንደገና ጀመሩ፡፡ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነገሩ ከዚያ አልከፋም፡፡

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ፡፡ ያወራሁት ነገር እውነት ቢሆን እንኳ ለአንዲት የልብ ሕመምተኛ አዛውንት በዚያ መልክ መነገር አልነበረበትም፡፡ ለመሆኑስ እውነት ነበር? ይህን ጥያቄ ይዤ መዝገበ ቃላቱንና የዕፅዋት ስሞች ታሪክ የሚያወሱ መጻሕፍትን ማገላበጥ ያዝኩ፡፡ ያገኘሁትን እነሆ፡፡

አበባው ራሱ

ፎክስግላቭ በምዕራብ አውሮፓ፣ በተለይም በብሪታንያና በአየርላንድ፣ በጫካ ዳርቻ፣ በመንገድ ጠርዝና ዛፍ በተቆረጠበት ቦታ ላይ በራሱ የሚበቅል ተክል ነው፡፡ ዕድሜው በአብዛኛው ሁለት ዓመት ነው፡፡ በመጀመሪያው ዓመት መሬት ላይ የተነጠፉ፣ ለስላሳ ጠጉር ያላቸው ሰፋፊ ቅጠሎች ብቻ ያወጣል፡፡ በሁለተኛው ዓመት ከቅጠሎቹ መሐል አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ይነሳል፤ ከአንድ ሜትር በላይ፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሜትር ይደርሳል፡፡ በግንዱ ላይ ሐምራዊ አበባዎች ከታች ወደ ላይ ተደርድረው ቁልቁል ይንጠለጠላሉ፡፡ እያንዳንዱ አበባ ከጫፉ የተቆረጠ የጓንት ጣት ይመስላል፡፡ ውስጡ ጠቃጠቆ አለው፡፡ ትልልቅ ጠጉራም ንቦች ማር ፍለጋ ሙሉ በሙሉ ገብተውበት ሲወጡ ይታያሉ፡፡ ሰው ጣቱን ቢያስገባበትም ልክ ይሆንለታል፡፡

ተክሉ ከቅጠሉ እስከ ዘሩ መርዛም ነው፡፡ ቅጠሉን ከሌላ ተክል ጋር አሳስተው እንደ ሻይ አፍልተው በመጠጣታቸው የተመረዙ ሰዎች በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግበዋል፡፡ በተለይ አበባ ባላወጣበት በመጀመሪያው ዓመት ቅጠሉ በአውሮፓ ለቁስልና ለስብራት ከሚፈለገው ከኮምፍሪ ቅጠል ጋር ይምታታል፡፡

የእንግሊዝኛው ስም ጥምር ቃል ነው፡፡ «ፎክስ» ቀበሮ ነው፤ «ግላቭ» ደግሞ ጓንት፡፡ ጓንቱ ለማንም ግልጽ ነው፣ የአበባውን ቅርጽ ያየ ሁሉ ይረዳዋል፡፡ ያስቸገረው ቀበሮው ነው፡፡ ቀበሮ ጓንት ምን ያደርግለታል? ሰው ይህን ጥያቄ መመለስ ሲያቅተው ነው ተረት የገባው፡፡

«የሰዎች ጓንት» የሚለው ከየት መጣ?

እኔ ለአክስቴ የነገርኳቸው ማብራሪያ ባለቤት አለው፡፡ ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ይባላል፡፡ ታልቦት በወረቀት ላይ ፎቶግራፍ የማንሳት ዘዴን ከፈለሰፉት ሰዎች ቀዳሚው የነበረ እንግሊዛዊ ምሁር ነው፡፡ ከፎቶግራፍ ሌላ ሒሳብም፣ የጥንት ቋንቋም፣ የዕፅዋት ጥናትም ይወድ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1847 ስለ እንግሊዝኛ ቃላት አመጣጥ አንድ መጽሐፍ አሳተመ፡፡ በዚያ ውስጥ ፎክስግላቭ የሚለው ስም «ፎልክስ ግላቭ»፣ ማለትም «የሰዎች ጓንት» ከሚል የመጣ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ፡፡ ሰዎች ያላቸው በሕዝቡ ተረት «ደጎቹ ሰዎች» እየተባሉ በቁልምጫ የሚጠሩትን የጫካ መናፍስት ነው፡፡ እንግዲህ የገዛ ስሙ «ፎክስ» የሆነ ሰው ቀበሮውን ከአበባው ስም ሊያባርር ተነሳ ማለት ነው፡፡

ሐሳቡ ለምን ተወደደ? አንደኛ ያምራል፡፡ ሁለተኛ የድምፅ መመሳሰል አለው፡፡ በዛሬው እንግሊዝኛ «ፎልክ» የሚለው ቃል ሲጻፍ መሐሉ ላይ «ል» ቢኖርም ሲነበብ ግን አይሰማም፡፡ «የሰዎች» ለማለት «ፎክስ» ይባላል፣ «ኦ»ው ትንሽ ረዘም ይላል እንጂ ቀበሮም «ፎክስ» ነው፡፡ በእኛ ፊደል ብንጽፋቸው ሁለቱ ቃላት አንድ ይሆናሉ፡፡ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ በጆሮዬ አምኜ ተቀበልኩት፡፡

ሦስተኛም ምክንያት አለ፡፡ በብሪታንያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ይህን አበባ ከተረት መናፍስት ጋር የሚያገናኙ ስሞች በእርግጥ አሉ፡፡ በዌልስ ቋንቋ ካሉት ስሞቹ አንዱ ትርጉሙ «የመናፍስት ጓንት» ነው፡፡ በእንግሊዝ ገጠሮችም የመናፍስት ቆብ፣ የጠንቋይ ጣት ይሉታል፤ በስኮትላንድ ደግሞ የሙታን ደወል የሚል ስም አለው፡፡ ስለዚህ ታልቦት ከባዶ አልተነሳም፡፡ ስህተቱ የአንዱን ስም ታሪክ ለሌላው ስም መስጠቱ ነው፡፡ አንድ ነገር ብዙ ስም ሊኖረው ይችላል፤ ስሞቹ ሁሉ ግን ከአንድ ምንጭ አይቀዱም፡፡

ከታልቦት በኋላ ሌላ ተመራማሪ መጣ፡፡ ስለ ብሪታንያ ዕፅዋት የሕዝብ ስሞች እ.ኤ.አ. በ1863 መጽሐፍ ያሳተመው ሐኪሙ ፕራየር ነው፡፡ እሱ ቀበሮውን ትቶ ጓንቱን አነሳ፡፡ ሁለተኛው ክፍል ጓንት ሳይሆን «ግሊው» የሚባል ሙዚቃ ማለት የሆነ የጥንት ቃል ነው አለ፡፡ ቅስት በሆነ ማንጠልጠያ ላይ የተደረደሩ ደወሎች ያሉት የድሮ የሙዚቃ መሣሪያ ነበረና አበባውን በዚያ መሰሉት የሚል ነው ሐሳቡ፡፡ ይህም ያምራል፡፡ ግን እንደ መጀመሪያው ሁሉ ማስረጃ አልነበረውም፡፡

የጥንቱ ጽሑፍ ምን ይላል?

የቃል ምንጭ ክርክር የሚፈታው ቃሉ በድሮ ዘመን እንዴት ተጽፎ እንደነበር በማየት ነው፡፡ ደግነቱ የዚህ አበባ ስም እንግሊዝኛ በጽሑፍ ከሚገኝባቸው ጥንታዊ ዘመናት ጀምሮ አለ፡፡ ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከመውረራቸው በፊት የነበረው ቋንቋ ጥንታዊ እንግሊዝኛ ይባላል፡፡ በዚያ ቋንቋ ከላቲን የተተረጎመ የመድኃኒት ዕፅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. 1000 አካባቢ ከተጻፉ የብራና ቅጂዎች ዘመን ደርሶናል፡፡ በእሱ ውስጥ ስሙ «ፎክሰስ ግሎፋ» ተብሎ ሰፍሯል፡፡

እንመርምረው፡፡ በጥንታዊ እንግሊዝኛ በስም መጨረሻ ላይ የሚጨመረው «ኤስ» የእኛን «የ» ያህል ሥራ ይሠራል፡፡ «ፎክስ» ቀበሮ፣ «ፎክሰስ» የቀበሮ፡፡ «ግሎፍ» ደግሞ የእጅ ጓንት ነው፡፡ ስለዚህ «ፎክሰስ ግሎፋ» ያለ ምንም ማጠማዘዝ «የቀበሮ ጓንት» ነው፡፡

ታልቦት እንዳለው «የሰዎች ጓንት» ቢሆን ኖሮስ? በዚያ ዘመን «የሕዝብ፣ የሰዎች» የሚባለው «ፎልከስ» ተብሎ ነበር፡፡ «ል»ም «ክ»ም በግልጽ ይነበቡ ነበር፤ ዛሬ የሚያምታታው የድምፅ መመሳሰል ያኔ ጨርሶ አልነበረም፡፡ አንድ ጸሐፊ «ፎልከስ» ሰምቶ «ፎክሰስ» ብሎ ሊጽፍ አይችልም፡፡ በተጨማሪም በጥንታዊ እንግሊዝኛ የጫካ መናፍስት የራሳቸው ስም ነበራቸው፤ «ኤልፍ» ይባሉ ነበር፡፡ በዚህ ቃል የሚጀምር የዕፅ ስምም በመድኃኒት መጻሕፍቱ ውስጥ ይገኛል፡፡ ሰዎቹ አበባውን በመናፍስት ስም መጥራት ቢፈልጉ ኖሮ ቃሉ በእጃቸው ነበር፡፡ እነሱ ግን የጻፉት ቀበሮ ብለው ነው፡፡

የፕራየር ሙዚቃም በዚሁ ይወድቃል፡፡ የተጻፈው «ግሎፋ» ነው፤ ጓንት፡፡ ሙዚቃ የሚለው ቃል በዚህ ስም ውስጥ ተጽፎ አልተገኘም፡፡ ዛሬ የታወቁት የእንግሊዝኛ የቃላት ታሪክ መዝገቦች ስሙን የሚተረጉሙት እንዲሁ በቀጥታ ነው፤ ቀበሮና ጓንት፡፡

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ በዚያ ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ «ፎክሰስ ግሎፋ» የሚለው ስም የተሰጠው ዛሬ ለምናውቀው ሐምራዊ አበባ አይመስልም፡፡ የተተረጎመበት የግሪክ ስም የእምቧይ ዘመድ የሆነ፣ ራስን የሚያስት መርዛም ተክል ስም ነው፡፡ የጥንት ተርጓሚዎች በደቡብ አውሮፓ የሚበቅለውን ተክል ሳያዩት በሀገራቸው ካለ ተክል ጋር ማዛመድ ነበረባቸው፤ ስለዚህ ስምና ተክል አንዳንዴ ይፈናቀሉ ነበር፡፡ ይህ ግን ስለ ቃሉ አሠራር ያልነውን አይለውጠውም፡፡ ስሙ ያኔም የቀበሮ ጓንት ነበር፣ ዛሬም የቀበሮ ጓንት ነው፡፡

ታዲያ ለምን ቀበሮ?

ይህን ጥያቄ የጥንት ሰዎች ጽፈው አልመለሱልንም፡፡ ነገር ግን ስሙን ብቻውን ከማየት ይልቅ ከወንድሞቹ ጋር ብናየው እንግዳነቱ ይጠፋል፡፡ በጥንታዊ እንግሊዝኛ የዕፅ ስሞች ውስጥ የውሻ ምላስ አለ፣ የቁራ እግር አለ፣ የተኩላ ማበጠሪያ አለ፡፡ የቀበሮ እግር የሚባልም ተክል ነበር፡፡ የሀገሬው ሰው አንድን ተክል ሲያይ መጀመሪያ ቅርጹን ከሚያውቀው የአካል ክፍል ወይም ዕቃ ጋር ያመሳስለዋል፤ ቀጥሎ ለአንድ አውሬ ወይም እንስሳ ይሰጠዋል፡፡ የተኩላ ማበጠሪያ ያሉት እሾሃም ራስ ያለውን ተክል ነው፡፡ ተኩላ ጠጉሩን ሲያበጥር ስላዩት አይደለም፡፡

ይህን ለመረዳት እንግሊዝ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፡፡ በእኛ ደጋ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለውን፣ ቅጠሉ ሰፊና ጠጉራም፣ አበባው ቢጫ የሆነውን ተክል «የአህያ ጆሮ» እንለዋለን፡፡ ሰው የማይበላውንም ሽንኩርት መሰል ተክል «የጅብ ሽንኩርት» እንለዋለን፡፡ ጅብ ሽንኩርት እንደማይከትፍ እናውቃለን፡፡ ለሰው የማይሆን መሆኑን ለማመልከት ለጅብ ሰጠነው፣ ነገሩ ይኸው ነው፡፡ እስቲ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ አንድ ምሁር ተነስቶ «አህያ ከዚህ ተክል ጋር ምን አገናኘው? ቃሉ ‹አያ› ከሚለው ተበላሽቶ ነው፣ ‹የአያ ጆሮ› ነው መሆን ያለበት» ቢል ምን ይሰማን ነበር? ታልቦት ያደረገው ይህንኑ ነው፡፡

ቀበሮውን የሚደግፍ ሌላ ምስክርም አለ፡፡ በኖርዌይ ቋንቋ ይኸው አበባ «ሬቨቢየለ» ይባላል፤ የቀበሮ ደወል ማለት ነው፡፡ በዚያ «የሰዎች» ከሚለው ጋር የሚምታታ ድምፅ የለም፤ በኖርዌይኛ ቀበሮ «ሬቭ» ነውና፡፡ ሁለት ዘመዳሞች ቋንቋዎች፣ አንዱ ጓንት ሌላው ደወል ቢሉም፣ ሁለቱም አበባውን ለቀበሮ ሰጥተውታል፡፡ የአበባው መኖሪያም ከቀበሮ ሩቅ አይደለም፤ ቀበሮ ጉድጓዱን በሚቆፍርበት የጫካ ዳርቻና ተዳፋት መሬት ላይ ይበቅላል፡፡

የዶክተር ቀበሮ ጉዳይ

ታሪኩ እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለበት፡፡ በጀርመንኛ አበባው «ፊንገርሁት» ይባላል፡፡ ቃል በቃል «የጣት ባርኔጣ» ማለት ሲሆን ልብስ ሰፊ መርፌ እንዳይወጋው ጣቱ ላይ የሚያጠልቃት የብረት ቆብ ናት፡፡ ጀርመናዊው ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ሌዮንሃርት ፉክስ እ.ኤ.አ. በ1542 ባዝል ከተማ ላይ ባሳተመው ትልቅ የዕፅዋት መጽሐፍ ለዚህ አበባ የላቲን ስም አወጣለት፡፡ በላቲን ጣት «ዲጊቱስ» ነውና ጀርመንኛውን ተከትሎ «ዲጊታሊስ» አለው፡፡ ስዊድናዊው ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1753 ለዕፅዋት ሁሉ ሁለት ሁለት ስም ሲያወጣ ይህንኑ ይዞ «ዲጊታሊስ ፑርፑሪያ» ብሎ መዘገበው፤ ሐምራዊው ዲጊታሊስ ማለት ነው፡፡

ወጥመዱ ምኑ ላይ ነው? «ፉክስ» በጀርመንኛ ቀበሮ ማለት ነው፡፡ ስለዚህ አንድ ሰው «ገባኝ! አበባው የዶክተር ፉክስ ጓንት ነው፤ በሰውዬው ስም ነው የተሰየመው» ቢል ያምርበታል፡፡ ግን እንግሊዞች «ፎክሰስ ግሎፋ» ብለው የጻፉት ፉክስ መጽሐፉን ከማሳተሙ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ነው፡፡ መገጣጠሙ የአጋጣሚ ነው፡፡ በፉክስ ስም የተሰየመው አበባ ሌላ ነው፤ ፈረንሳዊው ሻርል ፕሉሚየ እ.ኤ.አ. በ1703 ባሳተመው መጽሐፍ «ፉክሲያ» ያለው የአሜሪካ ምድር ተክል፡፡

ከዚህ አንድ ነገር ተማርኩ፡፡ ሁለት ነገሮች ስለተመሳሰሉ ብቻ ይዛመዳሉ ማለት አይደለም፡፡ የትኛው ይቀድማል ብሎ ዓመቱን መጠየቅ ይገባል፡፡

ከአበባ ወደ ክኒን

ወደ አክስቴ ክኒን ልመለስ፡፡ ዊሊያም ዊዘሪንግ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1775 ሰውነታቸው ውሃ እየቋጠረ የሚያብጥባቸውን ሕመምተኞች ስለሚያድን አንድ የቤተሰብ መድኃኒት አስተያየት ተጠየቀ፡፡ መድኃኒቱን በሽሮፕሽየር አውራጃ የምትኖር አንዲት አሮጊት ለብዙ ጊዜ በምስጢር ይዛው የነበረ ሲሆን ሐኪሞች ያቃታቸውን አንዳንዴ ታድን ነበር፡፡ በውስጡ ሃያና ከዚያ በላይ ዕፅ ነበረበት፡፡ ዕፅዋትን አሳምሮ የሚያውቀው ዊዘሪንግ ከሁሉም ውስጥ የሚሠራው ፎክስግላቭ መሆኑን ለየ፡፡

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ በሕመምተኞቹ ላይ ሲከታተል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1785 መጽሐፍ አሳተመ፡፡ ከመጽሐፉ የምወድለት የተሳካለትን ብቻ አለመጻፉን ነው፡፡ ያልዳኑትንም፣ መጠኑ በዝቶባቸው የተጎዱትንም አስፍሯል፡፡ መድኃኒቱ ሲበዛ ማቅለሽለሽና ማስመለስ እንደሚያመጣ፣ የልብ ምትን እጅግ እንደሚያዘገይ፣ ዕቃው ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ እንዲታይ እንደሚያደርግ ያኔ ጽፎታል፡፡ ዛሬም ሐኪሞች የሚጠነቀቁት ለእነዚሁ ምልክቶች ነው፡፡

የሚገርመው በዚህም ታሪክ ውስጥ ተረት ሰርጎ ገብቷል፡፡ አሮጊቷ «እማማ ሃተን» ይባሉ ነበር የሚል በብዙ ጽሑፎች ላይ ይገኛል፡፡ ዊዘሪንግ ግን ስሟን የትም አልጻፈም፡፡ የልብ ሐኪሙ ዴኒስ ክሪክለር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1928 አንድ የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ ለማስታወቂያ ካሠራው ሥዕል ነው፡፡ ሥዕሉ ዊዘሪንግ አሮጊቷን ሲያነጋግር ያሳያል፡፡ ከዚያ በኋላ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ ስሟ ታሪክ ሆነ፡፡ ፎክስግላቭን «የሰዎች ጓንት» ያደረገውም ይኸው አካሄድ ነው፡፡ አንድ ሰው የሚያምር ነገር ይናገራል፤ ሌላው ሳይጠይቅ ይደግመዋል፡፡ እኔም ደጋሚ ነበርኩ፡፡

እ.ኤ.አ. በ1930 እንግሊዛዊው ኬሚስት ሲድኒ ስሚዝ የፎክስግላቭ የቅርብ ዘመድ ከሆነ፣ በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ ከሚበቅል ጠጉራም ተክል ዲጎክሲንን ለይቶ አወጣ፡፡ ዲጎክሲን የልብ ጡንቻ በኃይል እንዲጨመቅ፣ የተፋጠነ ምትም እንዲረጋ ያደርጋል፡፡ በሚያድነው መጠንና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ግን ጠባብ ነው፡፡ ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጨመርም፣ መቀነስም፣ ማቋረጥም አይቻልም፡፡ ቅጠሉን ራሱን አፍልቶ መጠጣት ደግሞ በምንም መልኩ የሚታሰብ አይደለም፤ በአንድ ቅጠል ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ በዐይን አይለካም፡፡

ያማረው ሁሉ ውሸት ነው ወይ?

አንባቢ «እንግዲያው የሚያምር የስም ታሪክ ሁሉ ፈጠራ ነው» ብሎ እንዳይደመድም ሁለት ምሳሌ ልጨምር፡፡

«ካውስሊፕ» የሚባል በእንግሊዝ የግጦሽ መስክ ላይ የሚበቅል ቢጫ አበባ አለ፡፡ ስሙን የሚሰማ ሰው «ካውስ ሊፕ» ብሎ ይከፍለዋል፤ የላም ከንፈር ይሆናል፡፡ ያምራል፡፡ የጥንቱ ጽሑፍ ግን «ኩስሊፐ» ይላል፡፡ «ኩ» ላም ነው፤ «ስሊፐ» ደግሞ የላላ፣ የሚያዳልጥ ነገር፡፡ በአጭሩ የላም እበት ማለት ነው፤ ከብት በዋለበት መስክ ስለሚበቅል፡፡ እዚህ ላይ ማስረጃው ያማረውን ታሪክ አፈረሰው፡፡

«ዴይዚ» የምትባለው፣ መሐሏ ቢጫ ዙሪያዋ ነጭ የሆነችው ትንሽ አበባ ደግሞ ለሰሚ አንድ ቃል ብቻ ትመስላለች፡፡ የጥንቱ ጽሑፍ ግን ሁለት ቃላት እንደነበረች ያሳያል፤ «የቀን ዐይን»፡፡ ማታ ቅጠሎቿን ታጥፋለች፣ ንጋት ላይ ትከፍታለች፡፡ ይህ ታሪክ ፈጠራ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው፤ የተጻፈ ማስረጃ አለው፡፡ ስለዚህ የአንድ ታሪክ ማማርም ሆነ አለማማር ለእውነትነቱ ምስክር አይሆንም፡፡ ምስክሩ የተጻፈው ቃል ነው፡፡

አክስቴስ?

ይህን ሁሉ ካጣራሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ አክስቴ ቤት ሄድኩ፡፡ ይቅርታ ጠይቄ «ያ የነገርኳችሁ ስህተት ነበር፡፡ የስሙ ትርጉም የቀበሮ ጓንት ነው፤ መንፈስም ጋኔንም የለበትም፡፡ ገበሬዎች የአበባውን ቅርጽ አይተው ያወጡት ስም ነው፣ እኛ የአህያ ጆሮ እንደምንለው» አልኳቸው፡፡

አክስቴ ጥቂት ዝም አሉና «ቀበሮ ደግሞ ጓንት አጥልቃ የት ልትሄድ ነው?» ብለው ሳቁ፡፡ ቀጥለውም «ልጄ፣ የማታውቀውን አላውቅም ብትል ማን ይቆጣህ ነበር?» አሉኝ፡፡ መልስ አልነበረኝም፡፡

ክኒናቸውን አሁን በሰዓቱ ይወስዳሉ፡፡ በቀደም የልጅ ልጃቸው የአበባውን ፎቶ አሳያቸው፡፡ መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ ካዩት በኋላ «እውነትም ጓንት!» አሉ፡፡